ውኃ ልክ

ኮምቦልቻ ላይ ቤት አለኝ። በትክክል ለመናገር ያለኝ መሠረት ነው፤ ድንጋዩ ተገንብቶ፣ ውኃ ልኩ ወጥቶ፣ ከዚያ ገንዘቡና ጊዜው አልገጥም ብለው ስምንት ዓመት እዚያው የቆመ። ውኃ ልኩ በወጣበት ቀን በቦታው ነበርኩ። ግንበኛው ውስጡ በሚታይ ረጅም ቀጭን ቱቦ ውኃ ሞላና አንዱን ጫፍ ለረዳቱ ሰጥቶ አራቱን ማዕዘን ዞሩት። ረዳቱ ጫፉን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ እኛ ዘንድ ያለው ውኃ ይዋልላል፤ ሲረጋ ምልክት ይደረጋል። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ ዓይኔ አንዱ ማዕዘን የበለጠ መስሎት ሊከራከር ፈልጎ ነበር። ውኃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ቆመና ክርክሩ አለቀ። ከዚያ ወዲህ አባቴ በየበጋው ሄደው ያዩልኛል። «አረም ውጦታል፤ ልኩ ግን አልተዛነፈም» ይሉኛል በስልክ።

እኔ የምኖረው ኮሎራዶ ውስጥ፣ ኦሮራ በምትባል ከተማ፣ በኪራይ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ ሌላ ቤት ገዛሁ። ይኼኛው ጎማ አለው።

እ.ኤ.አ. የ1987 ቶዮታ ነው። ከፊት ለፊት ያየው ሰው አገር ቤት የሚያውቀውን ፒካፕ ያያል፤ ጋቢናው ያው ነው፣ የሞተሩ ድምፅ ያው ነው። ከጋቢናው ኋላ፣ ጭነት በሚጫንበት ቦታ ላይ ግን ቤት ተሠርቶበታል። አሜሪካ ውስጥ ከ1970ዎቹ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ሞተርሆሞች በብዛት ይሠሩ ነበር። ሻንሲውና ሞተሩ የቶዮታ ነው፤ ቤቱን የሚሠሩት ሌሎች ድርጅቶች ናቸው። ርዝመቱ ከስድስት ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሁለት ምድጃ፣ አንድ የዕቃ ማጠቢያ፣ ትንሽ ፍሪጅ፣ ማታ ታጥፎ አልጋ የሚሆን ጠረጴዛ፣ ቁም ሣጥን የምታህል መጸዳጃ፣ ከጋቢናው አናት ላይ ደግሞ ልጄ የምትተኛበት ቆጥ አለው። ምድጃው ፊት ቆሜ እጄን ስዘረጋ አንዱ መስኮቱን፣ አንዱ አልጋውን ይነካል።

ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ወሬው ሲሰማ አንድ በዕድሜ የከበሩ እናት እጄን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝና «ልጄ፣ ቤት አጣህ እንዴ? ለምን ለእኛ አልነገርከንም?» አሉኝ። ከልባቸው ነው። በእኛ ዘንድ መኪና ውስጥ ማደር የጭንቅ ምልክት ነው፤ እዚህ አገርም ለብዙ ሺህ ሰዎች እንዲሁ ነው። ቤትና መንገድ በአእምሯችን ውስጥ ፊትና ጀርባ ናቸው። ከቤቱ የወጣ መንገደኛ ነው፤ መንገደኛ ደግሞ ይመለሳል ወይም የሰው ቤት በር ላይ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ይላል። ቤቱን ይዞ የሚሄድ ሰው በየትኛው ስም ይጠራል? ለእኚያ እናት ያን ዕለት የሚያረካ መልስ አልሰጠኋቸውም።

የገዛሁት በጥቅምት ነበር። በመጋቢት፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ ልጄ የምትተኛበት ቆጥ ጣራ ላይ መዳፍ የሚያህል ቡናማ ጥላ አየሁ። በጣቴ ብጫነው ጣውላው ወተት ውስጥ እንደ ነከሩት ዳቦ ወደ ውስጥ ገባ። ልቤም አብሮት የገባ መሰለኝ። ሊብሬው በስሜ ከዞረ አምስት ወር ሆኖታል፤ ሰዎች ሲጠይቁኝ «አዎ፣ የኔ ነው» እላለሁ። ግን የት እንደሚያፈስ እንኳ አላውቅም ነበር።

አማርኛችን የማንኛውንም ነገር ጌታ «ባለቤት» ይለዋል። የላሟ ባለቤት፣ የመኪናው ባለቤት፣ የሐሳቡ ባለቤት። ሚስትም ለባሏ፣ ባልም ለሚስቱ ባለቤት ናቸው። በሰዋስው ደግሞ ድርጊቱን የሚፈጽመው ቃል ባለቤት ይባላል። ይህን የመጨረሻውን ከተማሪ ቤት ጀምሮ ሳላስተውል ኖሬ ያን ቀን፣ ጣቴ የበሰበሰ እንጨት ውስጥ ገብቶ እያለ፣ ትርጉሙ ደረሰኝ። አረፍተ ነገሩ ውስጥ ግሥ እስኪኖር ድረስ ባለቤት የለም። ወረቀቱ ስም ብቻ ነው የሰጠኝ።

እናም ግሡን ጀመርኩ። መጀመሪያ የተማርኩት ውኃ የሚገባበትና የሚታይበት ቦታ አንድ አለመሆኑን ነው። የነዚህ ቤቶች አጥንት ቀጫጭን ጣውላ ነው፤ ከላዩ ስስ አልሙኒየም ወይም ፋይበርግላስ ይለብሳል። ውኃው ከአንድ የላላ ብሎን ሥር ይገባና ጣውላውን ይዞ አንድ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ሲደክመው ይንጠባጠባል። ስለዚህ መግቢያውን ለማግኘት አንድ ሰው ውጭ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ይዞ ከታች ወደ ላይ፣ ስንዝር በስንዝር ያጠጣል፤ ሌላው ውስጥ ባትሪ ይዞ ይጠብቃል። ከታች መጀመር ግዴታ ነው፤ ከላይ ከተጀመረ ውኃው ወርዶ ሁሉንም ስለሚያርስ ጥፋተኛው አይለይም። ባለቤቴ ውስጥ ሆና ታያለች፣ እኔ ውጭ አጠጣለሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ በግድግዳው በኩል «አለ?» «የለም!» «አሁንስ?» «የለም!» ስንባባል ቆየን። የፊት መስኮቱ የላይኛው ግራ ማዕዘን ላይ ስደርስ ዝም አለች። ከዚያ «መጣ» አለች።

እዚያ ማዕዘን ላይ ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ሰው ሲሊኮን በሲሊኮን ላይ ደርቦበታል። ፍርሃቱ ይታየኛል፤ ዝናብ እየመጣ ነበር መሰለኝ። ሲሊኮን ግን ክፉ ጠባይ አለው። አንዴ ከደረቀ በላዩ ላይ ሌላ ነገር አያስጠጋም፤ አዲስ ሲሊኮን እንኳ አይይዝበትም። ከዚህም የሚብሰው፣ ውስጡ የረጠበን ጣውላ ከውጭ መድፈን እርጥበቱ እንዳይወጣ በር መዝጋት ነው። ብስባሹ የተስፋፋው ማፍሰሱ የቆመ ከመሰለ በኋላ፣ በዝምታ፣ ሁሉም ነገር ደህና በሚመስልበት ጊዜ ነበር። ሙሉውን ቆዳ ገፍፌ፣ የበሰበሰውን ቆርጬ አውጥቼ፣ ለሁለት ሳምንት ክፍቱን ተውኩት። የኮሎራዶ አየር ደረቅ ነው፤ እርጥበቱን ጠጣው። ከዚያ አዲስ ጣውላ ከአሮጌው ጋር አያይዤ፣ መጋጠሚያው ላይ ለዓመታት የማይደርቅ፣ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ቡቲል የሚባል መድፈኛ ዘርግቼ ዘጋሁት። መንገድ ላይ ቤቱ ስለሚንቀጠቀጥ፣ በቀን ፀሐይ ስለሚለጠጥና በሌሊት ብርድ ስለሚኮማተር፣ ደርቆ የሚጠነክር መድፈኛ ይሰነጠቃል። አብሮ የሚንቀሳቀሰው ነው የሚቆየው።

በዚያ ሁለት ሳምንት፣ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ተከፍቶ የተቀመጠውን ጎድኑን ቆሜ አየው ነበር። ወደዚህ አገር የገባሁት ጥገኝነት ጠይቄ ነው። ጥገናና ጥገኝነት ዘራቸው ይለያያል፤ አንዱ ከጠገነ፣ ሌላው ከጥግ ነው። ጆሮዬ ግን ሁለቱን አጎራበታቸው። ዓመታት ሙሉ በወረቀት ላይ ጥግ የሚለምን ሰው ሆኜ ኖሬያለሁ፤ የተሰበረው ነገር ሁሉ የሌላ ሰው ነበር፤ የኪራይ ቤቱ ቧንቧ ሲያፈስ እንኳ ስልክ ደውዬ መጠበቅ ነው። አሁን ግን እጄ ላይ ስንጥር ገብቶ፣ ጥፍሬ ውስጥ ጥቁር መድፈኛ ተጋግሮ፣ አንድ ነገር የእኔን እጅ እየጠበቀ ነበር። የሚጠበቅ ሰው መሆን ምን ያህል ክብር እንዳለው ያን ጊዜ አየሁ።

አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በደሴ መንገድ ፊያት ኤንትሬ ነድተዋል። በልጅነቴ በክረምት ዕረፍት አንዳንዴ ይወስዱኝ ነበር። ረዳቱ ዳገት ላይ መኪናው ሲቆም ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ ሲያስገባ አይ ነበር፤ ያን ታኮ መሸከም የዓለም ትልቁ ሹመት ይመስለኝ ነበር። የሞተር ቋንቋዬ በሙሉ ከእሳቸው የተወረሰ ነው፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ። ጣሊያን በአምስት ዓመት ወረራው ጥሎት ከሄደው ነገር ውስጥ እነዚህ ቃላትና ጣርማበር ላይ የፈለፈለው ዋሻ አሁንም በየቀኑ ይሠራሉ። ጃፓን የተሠራ ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ ስፈታ አፌ የሚያውቀው ስም የጣሊያን ነው፤ ለእኔ ግን የአባቴ ቋንቋ ነው።

መኪናውን በስልክ ቪዲዮ ሳሳያቸው ስለ አልጋውም ስለ ምድጃውም አልጠየቁኝም። «የኋላው ጎማ ስንት ብሎን አለው?» አሉኝ።

«ስድስት ነው፣ አባባ።»

«ሸክሙን የሚይዘው ማነው? አክስሉ ራሱ ነው፣ ወይስ ቤቱ?»

ጥያቄያቸው ልክ ነበር። በተለመደው ፒካፕ ውስጥ ጎማውን የሚያዞረው አክስል ራሱ ክብደቱንም ይሸከማል። ለቀላል ጭነት ይበቃል። በከባድ መኪና ግን ሸክሙ የሚያርፈው አክስሉን በሸፈነው ወፍራም ቱቦ ላይ ነው፤ መካኒኮች የአክስሉ ቤት ይሉታል። አክስሉ በውስጡ ሆኖ ማዞር ብቻ ነው ሥራው። ቢሰበር እንኳ ጎማው በቦታው ይቀራል። የመጀመሪያዎቹ ትንንሽ ሞተርሆሞች ብዙዎቹ የተሠሩት በፒካፑ ባለ አምስት ብሎን አክስል ላይ ነበር። ቤቱ፣ ውኃው፣ ጋዙ፣ ቤተሰቡ ሲጨመር ሸክሙ በዛ። አክስል እየተሰበረ ጎማ ከነአካሉ በአውራ ጎዳና ላይ የወጣበት ጊዜ አለ። በኋላ ለጥገና ተጠርተው ጠንካራው ባለ ስድስት ብሎን እንዲገጠምላቸው ተደረገ። ዛሬም እንዲህ ያለ መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው ቀለሙን ከማየቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ብሎን መቁጠር አለበት።

«እንግዲያው ቤቱ ይሸከም፣ አክስሉ ይዙር» አሉና አባቴ ወደ ሌላ ወሬ አለፉ። እኔ ግን ከዚያ አላለፍኩም። እዚህ አገር የምናውቃቸውን ሰዎች አሰብኩ፤ ቀን አንድ ሥራ፣ ሌሊት ሌላ ሥራ፣ አገር ቤት ወንድም የሚያስተምሩ፣ እናት የሚያሳክሙ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ዩኒፎርም ለብሰው የሚያንቀላፉ። እነሱ ራሳቸው ያዞራሉ፣ እነሱ ራሳቸው ይሸከማሉ። አንዳንዶቹ መሀል መንገድ ላይ፣ ምንም ድምፅ ሳያሰሙ ሲሰበሩ አይቻለሁ። ጥንካሬ ጎድሏቸው አልነበረም። በዙሪያቸው ሸክሙን የሚቀበል ቤት አልነበረም። ማኅበሩ፣ ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ ቡናው ምን ይሠራ እንደነበር ብረቱ ላይ ጎንበስ ብዬ ነው የገባኝ።

ከጋቢናው መሳቢያ ውስጥ አንድ ደብተር አግኝቻለሁ፤ ከ1987 ይጀምራል። ሦስት ዓይነት የእጅ ጽሕፈት አለው። ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ ማይሉ፣ የተለወጠ ኩሽኔታ፣ የተለወጠ ራዲያተር። በሠላሳ ምናምን ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በተለያየ እጅ፣ ጣራው እንደተደፈነ ተጽፏል። እያንዳንዱ ጸሐፊ ከሥሩ መስመር አሥምሮበታል፤ ያለቀ መስሎታል።

ፕሉታርክ የጻፈው የቴሴውስ መርከብ ወሬ አለ። አቴናውያን የበሰበሰውን ሳንቃ በአዲስ እየተኩ መርከቡን ለትውልድ አቆዩት፤ ፈላስፎቹም ያው መርከብ ነው፣ አይደለም እያሉ ተከራከሩበት። ይህ ጥያቄ ለእኛ አዲስ አይደለም። የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው ያውቀዋል። ክዳኑ በየጊዜው ይወርዳል፣ ሕዝቡ ሣር ተሸክሞ ይመጣል፣ እንደገና ይከደናል፤ ማገሩ ይለወጣል፣ ቆይቶ ቆርቆሮ ይመጣል። ቤተ ክርስቲያኑ ያው ነው፤ ታቦቱ ስላለ። የእኔ መኪና ታቦት የለውም፤ የዕቃ ስብስብ ነው። ከፋብሪካ ከወጣው ውስጥ አሁን የቀረው ስንቱ እንደሆነ መቁጠር እችል ነበር፤ ሊቆጠር የማይችለው ግን ደብተሩ ነው። አንድ የሚያደርገው የእጆች ቅብብሎሽ ይመስለኛል። የማላያቸው ሦስት ሰዎች ለማያውቁት ለእኔ ጻፉልኝ። እኔም በአማርኛ፣ በራሳችን ቀን አቆጣጠር «መጋቢት 22፤ የግራው ማዕዘን ተከፍቶ ደረቀ፤ ጣውላ ተለወጠ» ብዬ ጻፍኩ። አልቋል አላልኩም፤ መስመርም አላሠመርኩበትም።

ስለ ደስታው ደግሞ ልንገራችሁ፤ ድካሙን ብቻ ማውራት ውለታ ቢስነት ነውና። ወደ ምዕራብ ስንሄድ ኦሮራን ለቀን ዴንቨርን አልፈን ተራራውን እንይዛለን። ዴንቨር 1,609 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በ1973 የተከፈተው የአይዘንሃወር ዋሻ ደግሞ 3,400 ሜትር ገደማ። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ እንዲህ ያለው ሞተር ጉልበቱን አንድ ሦስተኛ ያህል ያጣል፤ ሙሉ ጉልበቱም ቢሆን ከ100 ፈረስ ብዙም አይርቅም። በሁለተኛ ማርሽ፣ በቀኙ መስመር፣ ከከባድ መኪኖች ጋር እንወጣለን። ከነዚያ ከባድ መኪኖች አንዳንዶቹ መስታወት ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ተንጠልጥሎ አያለሁ፤ ከወገኖቻችን ብዙዎቹ እዚህ የሚኖሩት በመሪ ነው። አንዱ ጥሩምባ ነፍቶልን ሲያልፍ ልጄ በመስኮት እጇን ታወጣለች። በዚያ ዝግታ ውስጥ ነው ተራራውን ያወቅሁት። አባቴም ጣርማበርን በዚሁ ፍጥነት ነበር የሚወጡት፤ ድንጋዩን በስም የሚያውቁት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ስንደርስ የመጀመሪያው ሥራ ውኃ ልክ ነው። ለእንቅልፍ ብቻ አይደለም፤ ፍሪጁ ያስገድደናል። ይህ ፍሪጅ በእሳት ነው የሚያቀዘቅዘው። በ1922 ስቶክሆልም ውስጥ ሁለት ተማሪዎች፣ ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ፣ የፈለሰፉት ነው። ትንሽ የጋዝ ነበልባል አሞኒያን ከውኃ ለይቶ ያፈላል፤ አሞኒያው ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል፣ ሃይድሮጅን ባለበት ቦታ እንደገና ይተናል፤ ሲተን ከወተቱና ከቅቤው ሙቀቱን ይወስዳል፤ ከዚያ ወርዶ ከውኃው ጋር ይገናኛል። የሚዞር ነገር የለውም፣ ድምፅ የለውም። ፈሳሹ ወደ ታች የሚመለሰው በራሱ ክብደት ብቻ ስለሆነ መኪናው ካጋደለ መንገዱ ይዘጋል፤ ነበልባሉ ባዶውን ቱቦ እያነደደ ፍሪጁን ያበላሸዋል። ስለዚህ በእሳትና በበረዶ መካከል ያለው ስምምነት ሁሉ መሬቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ኮምቦልቻ ላይ አንድ ቀን የወጣው ልክ ስምንት ዓመት ሳይነካ ቆሟል። እዚህ በየምሽቱ፣ በማናውቀው መሬት ላይ፣ ከአዲስ ይወጣል። የትኛው የበለጠ ቤት እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ ከርሜ፣ አንዳንድ ምሽት ሁለተኛው እንደሆነ ለራሴ አምኜ ነገርኩት።

ባለፈው ነሐሴ ደቡብ ኮሎራዶ፣ ግሬት ሳንድ ዱንስ ሄደን ነበር። ከ200 ሜትር በላይ የሚቆለል አሸዋ በተራራ ግርጌ ተኝቶበታል፤ ከፍታው ከአዲስ አበባ ብዙም አይለይም፤ የምሽቱ ብርድም ያው ነው። በዚያ ወር ከሰዓት በኋላ ደመናው ይሰበሰባል፤ ክረምታችን ነው የሚመስለው። ቦታው ወደ ግራ ያጋደለ ነበር። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ታኮዎቹን አወጣች፤ እኔው ከጥድ የቆረጥኳቸው ናቸው። ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ ጠርሙሷን፣ ያችን አረፋ ያለባትን ውኃ ልክ አስቀምጣ በመስኮት ታየዋለች። እኔ መሪ ላይ ነኝ።

«ትንሽ ወደፊት፣ አባዬ። ትንሽ። ትንሽ... ቁም!» ልጄ ታኮውን ጎማው ሥር ገፋች። «እማዬ፣ ውኃ ልክ ነው?»

ይህን ቃል በእንግሊዝኛ አታውቀውም። ከእኛ ጋር ብቻ የምትሠራው ሥራ ስለሆነ በአማርኛ ብቻ ነው ያላት።

«አንድ ጣት ይቀረዋል» አለች እናቷ። አንድ ስስ ጣውላ ጨመርንበት። አረፋዋ መሀል ገባች። ፍሪጁን ለኮስኩት፤ ሰማያዊው ነበልባል በትንሿ መስኮት ታየ።

ዝናቡ የመጣው ሽሮው ሊወርድ ሲል ነው። መጀመሪያ ጠብታ ጠብታ፣ ከዚያ ጣራው ሁሉ አንድ ድምፅ ሆነ፤ አልሙኒየሙ ልክ እንደ አገር ቤት ቆርቆሮ ነው የሚጮኸው፤ መነጋገር አልቻልንም። ልጄ ቆጧ ላይ ወጥታ ተጠቅልላለች። ባለቤቴ እንደ ልማዷ ወንበሩ ላይ ቆማ እጇን ወደ ግራው ማዕዘን ዘረጋች፤ ጣውላውን በመዳፏ ዳሰሰችው፣ ቆየችበት። ከዚያ ወርዳ ጀበናውን ጣደች።